የመንኮራኩር ነገር፤ ከጋፋት እስከ ሐሙሲት

አጎቴ በ2010 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ሲያርፍ ለአንድ ልጁ ያወረሰው ሦስት ነገር ነበር፤ አንድ ቤት፣ አንድ ሣጥን ሙሉ መፍቻና አንዲት መኪና። ስለ ቤቱና ስለ መፍቻው የምለው የለኝም። የመኪናዋ ነገር ግን ከጣና ዳር ተነሥቶ ደብረ ታቦርን፣ መቅደላንና ቶሪኖን ሁሉ የሚያካልል ስለሆነ፣ አንባቢ ጥቂት ቢታገሠኝ ላውጋው።

መኪናዋ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ናት። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ከፊት ረዘም፣ ከኋላ ሸርተት ያለች። ፊያት ይህችን መኪና ለገበያ ያቀረባት እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን፣ የሞተሯ ነዳፊ ቀደም ሲል ለፌራሪ ይሠራ የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ጣሊያኖች ረጅም መንገድ በፍጥነትና በምቾት እንዲቆርጥ የተሠራን መኪና “ግራን ቱሪዝሞ” ይሉታል፤ “ታላቅ ጉዞ” እንደ ማለት ነው። የአጎቴ መኪና ከዚህ ወገን ናት፤ ምንም እንኳ ከታላላቆቹ ጋር ስትነጻጸር የድኻ ዘመድ ብትሆን።

እንዴት ባሕር ዳር እንደ ደረሰች የከተማዋን ታሪክ ለሚያውቅ እንግዳ አይሆንበትም። የዛሬዋ ባሕር ዳር በ1950ዎቹ ስትቆረቆር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ የተሠራው ከኢጣሊያ በተገኘ የጦር ካሣ ነው። የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤቷን ደግሞ ያሠሩት ሶቪየቶች ናቸው። የከተማዋን ፕላን ያወጡት ጀርመኖች ነበሩ። አጎቴ ሶቪየቶች ባሠሩት ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በኢጣሊያ ካሣ በተሠራው ፋብሪካ ተቀጠረ። መኪናዋንም በአብዮቱ ዋዜማ ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሣ አንድ ጣሊያናዊ ቴክኒሻን ገዛ። ከዚያ ወዲያ ከአርባ ዓመት በላይ እንደ ልጁ ያዛት። ፍሬኗን ሌላ ሰው አስነክቶ አያውቅም።

ልጁ ግን የዛሬ ልጅ ነው። “አባባ ነፍሱን ይማረውና፣ መኪናዋ ቆንጆ ሆና ሳለ እግሯ የሕፃን ነው” ይል ነበር። ውሸትም አልነበረው። በፋብሪካው የተገጠመላት 13 ኢንች ቸርኬ ነው። ዛሬ በባሕር ዳር ዘንባባ ሥር ከሚያልፉት መኪኖች ጎን ሲታይ፣ በእርግጥ ጎልማሳ ሰው የልጅ ጫማ የተጫማ ይመስላል። እናም በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ላይ አራት የሚያብረቀርቁ፣ ከጃፓን መኪና የወረዱ 15 ኢንች ቸርኬዎች ከነጎማቸው ገዛ። ከፓራፋንጎው ጋር ሲፋተጉ የፓራፋንጎውን ጠርዝ በመዶሻ አጥፎ አስገባቸው። መኪናዋ ከፍ አለች፤ ደረቷን ነፋች። እኔም አይቼ ማድነቄን አልክድም።

በማግሥቱ ደብረ ታቦር አካባቢ ያለውን የጋፋትን ሥፍራ ላሳየው ተያይዘን ወጣን። መንገዱ ሰላም የነበረበት ጊዜ ነው።

የቁጥሩ ጉዳይ

ከመንገዱ በፊት ስለ ጎማ ጥቂት ማለት ግድ ነው። አየር የተሞላውን ጎማ ለጥቅም ያበቃው ስኮትላንዳዊው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 በቤልፋስት ከተማ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ብሎ ነበር የሠራው። በ1895 የሚሽሊን ወንድማማቾች ከፓሪስ ቦርዶ በተደረገው ውድድር ይህንኑ ለመኪና አዋሉት። በ1970ዎቹ ደግሞ ፒሬሊ ፒ7 የሚባለውን፣ ጎኑ አጭር፣ መርገጫው ሰፊ የሆነውን ጎማ ይዞ ብቅ አለ። ፖርሽ 911 ቱርቦን የመሳሰሉ መኪኖች ተጫሙት። የትልቅ ቸርኬ ፋሽን በዓለም ዙሪያ የተስፋፋውም ከዚያ ወዲህ ነው።

የፋሽኑ ምሥጢር ግን አንድ ነው፤ ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ጎን ያጥራል፣ አጠቃላይ ቁመቱ ግን አይለወጥም። በጎማው ጎን 195/55 15 የሚል ቢጻፍ፣ 195 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ 55 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደሆነ ይነግረናል፤ 15 የቸርኬው ኢንች ነው። የአጎቴ መኪና የመጀመሪያ ጎማ 165 በ13 ሲሆን ጎኑ ከስፋቱ 80 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ከመሬት እስከ አናቱ 594 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። 195/55 ባለ 15 ቢገጠምላት 595 ተኩል ይሆን ነበር፤ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የአጎቴ ልጅ የገዛው ግን 195/65 ነበር፤ ቁመቱ 634 ተኩል ነው።

አራት ሣንቲ ሜትር ምን ያደርጋል? ያደርጋል እንጂ! ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ቀድሞ 1 ሜትር ከ87 ይሄድ የነበረው አሁን 1 ሜትር ከ99 ይሄዳል። የፍጥነት ቆጣሪው የሚቆጥረው የማርሹን መዞር እንጂ መንገዱን አይደለምና 100 እያለ በእውነቱ 107 ይሮጣል። ፍሬኑም ያው ፍሬን ሆኖ ሳለ የሚይዘው ረዘም ያለ ክንድ ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ ይደክማል። እንግዲህ ከመሪ ጀርባ ያለው ሰው በዓይኑ የሚያየው ቁጥርና በእግሩ ሥር ያለው መንገድ ተለያዩ ማለት ነው።

ሐሙሲት ላይ

ዘንዘልማን እንዳለፍን መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የአጎቴ ልጅ “አስፋልቱ ነው” አለ። ዝም አልኩ። ትንሽ እንደ ሄድን ከግራ የፊት እግር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። “ጠጠር ነው” አለ። ሐሙሲት ስንገባ ግን ድምፁ ጠጠር እንዳልሆነ እሱም ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። መንገድ ዳር አንድ ጎሚስታ አይተን ቆምን። አራት ተራ ጎማ የተከመረበት፣ በላስቲክ የተጋረደ ቦታ ነው። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ከእኛ በፊት የመጣ የጭነት መኪና ነበርና “ልጆቼ፣ ሻይ ጠጡ፤ ተራችሁ ሲደርስ እጠራችኋለሁ” አሉን።

ሻዩን ይዤ ወደ ምዕራብ ተመለከትኩ። ጣና በዚያ በኩል ነው፤ በዳሩ ላይ ቆራጣ አለች። በ1858 ዓ.ም. እንግሊዛዊው መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ከነባልደረቦቹ የሰነበተባት ቆራጣ። ከባልደረቦቹ አንዱ የነበረው ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ በኋላ በጻፈው የእስር ታሪኩ ውስጥ አንድ አስገራሚ ነገር ይተርካል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጭስ ኃይል ስለሚሄዱ መርከቦች ሰምተው በጣና ዳር ትልልቅ የደንገል ጀልባዎች አሠሩ፤ በጀልባዎቹም ጎን በእጅ የሚዞር መንኮራኩር አስገጠሙ። ከሺህ ዓመት በላይ በታንኳና በቀዘፋ ብቻ ለኖረ ሐይቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና ሙከራ ሆኖ ቀረ። መንኮራኩሩ ተገኘ፤ የሚያዞረው የእንፋሎት ኃይል ግን አልነበረም። ደንገል ደግሞ ለቀዘፋ እንጂ ለዚያ ሁሉ ክብደት አልተፈጠረም።

የቴዎድሮስ ትልቁ የመንኮራኩር ታሪክ ግን እኛ ልናየው ስንሄድበት የነበረው ነው።

ጋፋት

ጋፋት ከደብረ ታቦር ብዙም አትርቅም። ንጉሡ የአውሮፓ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ያሰፈሩባት ቦታ ናት። ቴዎፍሎስ ቫልድማየር፣ ካርል ዛልሙለር፣ ሞሪትዝ ሆልና ሌሎችም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ ነበር። ንጉሡ ግን የፈለጉባቸው መድፍ ነው። “አንችልም” ቢሉም አልሆነም፤ ብዙ ከከሸፈ ሙከራ በኋላ ቻሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል የተባለው ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ግዙፍ መድፍ ነው። ስሙም በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ከታወቀው ምሽግ የመጣ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ሰባት ቶን ብረት ተሠራ። በምን ይሄዳል? በዚያ ዘመን በደጋው አገር ጭነት የሚሄደው በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጫንቃ ነው። ሰባት ቶን የሚሸከም በቅሎ የለም። ስለዚህ ሠረገላ ተሠራ፤ መንኮራኩርም ተገጠመ። ይሁን እንጂ ሠረገላው የሚሄድበት መንገድ የለም። የበቅሎ መንገድ ድንጋዩን ይዞራል፣ ገደሉን ይጠመዘዛል፤ መንኮራኩር ግን መዞር አይችልም፤ ሜዳ ይፈልጋል።

ቴዎድሮስ ያደረጉት ይህ ነው፤ መንኮራኩሩን ለመንገዱ አላሳነሱም፤ መንገዱን ለመንኮራኩሩ ሠሩ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። ሠራዊቱ ድንጋይ እየፈነቀለ፣ ገደል እየናደ፣ ንጉሡም ራሳቸው በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው በገመድ እየጎተተ ሄዱ። የጅዳን ሸለቆ ወረዱ፣ ወጡ። የበሽሎን ሸለቆ ወረዱ፣ ወጡ። ቀላል ተጓዥ በጥቂት ቀናት የሚጨርሰው መንገድ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። መጋቢት ላይ ሴባስቶፖል መቅደላ ደረሰ።

በተቃራኒው በኩል የሚመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ከባድ መድፎቹን በምን ነበር የተሸከመው? በዝሆን! 44 ዝሆኖች ከሕንድ አምጥቶ ነበር። መንገዱ መንኮራኩር የሚችል እንዳልሆነ አይቶ ጭነቱን ለመንገዱ እንዲስማማ አደረገ። ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ላይ ተዋጉ። ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ የቆመው አምሳያው ነው።

ብዙ ሰው የዚህን ታሪክ ትርጉም ከመድፉ ይፈልገዋል። ለእኔ ግን ሐሙሲት ላይ ተቀምጬ የታየኝ መንገዱ ነው። መድፉ ጦርነቱን አላሸነፈም። መንገዱ ግን ንጉሡ አንድ ነገር እንደገባቸው ይመሰክራል፤ መንኮራኩር ብቻውን አይለወጥም። እሱን የነካ ሰው ሠረገላውንም፣ መንገዱንም፣ ጎታቹንም መንካቱ ግድ ነው። ዋጋውን ስድስት ወር በላብ የከፈለው ደግሞ ገመዱን የያዘው ወታደር ነው።

ቃሉ ከየት መጣ?

ከዚያ በኋላ መንኮራኩር ወደ አገራችን በብዙ በር ገባ። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ለዐፄ ምኒልክ ያመጣው፣ አዲስ አበቤው “የሰርኪስ ባቡር” ያለው የእንፋሎት መዳመጫ ነበር። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ በዎልስሊ መኪና አዲስ አበባ ገባ። ጣና ዳር ግን መንኮራኩር በብዛት የመጣው በሰላም አይደለም። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ የነበረው አኪሌ ስታራቼ በመቶ የሚቆጠሩ ካሚዮኖች አሰልፎ ጎንደር ገባ። ሚያዝያ ላይም ባሕር ዳር ደረሰ። ያኔ ባሕር ዳር በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰባሰበች ትንሽ መንደር ነበረች።

ጣሊያን መንኮራኩሩንም መንገዱንም ይዞ መጣ። ሊማሊሞን ቆረጠ፤ ድልድይ ዘረጋ። ለእኛ ብሎ አልነበረም፤ ጦሩን ሊያመላልስበት ነው። አርበኞችም ያንኑ መንገድ እየቆረጡ ተዋጉበት። አምስት ዓመት ቆይቶ ሲሄድ መንገዱ ቀረ፤ ቋንቋውም ቀረ። ጎማ የጣሊያንኛ ነው። ቸርኬ የጣሊያንኛ ነው። ካላማዳሪ “የአየር ክፍል” ከሚለው የጣሊያንኛ ሐረግ የመጣ ነው። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ክሪክ፣ ፓራፋንጎ፣ ብሎን፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም የዚያ ዘመን ቅርሶች ናቸው። የእኛው “መንኮራኩር” ግን ከሕዝቅኤል ራእይ ተነሥቶ ዛሬ የጠፈር መርከብ መጠሪያ ሆኗል። መሬት ላይ ያለውን ሥራ ለቸርኬ ለቆለት ሰማይ ወጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ቃሉን ስንወርስ ዕቃውን ወረስን፤ ዕቃውን ስንወርስ ልኩን ግን አብረን አልወረስንም። ልክ የሚባለው ነገር በሠሪው መዝገብ ውስጥ ቀርቷል። እኛ ዘንድ የሚደርሰው በዓይን የሚታየው ነው፤ ሲገባ “ገባ” እንላለን።

ግማሽ ጨረቃ

ተራችን ደርሶ ጎሚስታው ክሪኩን አስገቡ። የግራውን የፊት እግር ሲፈቱ ከአራቱ ብሎኖች ሁለቱ በጣት ተፈቱ። የአጎቴ ልጅ አየኝ፤ እኔም አየሁት። አልተነጋገርንም። ሦስተኛው ላልቷል። መኪናዋን በመንገዱ ላይ ያቆያት አራተኛው ነበር።

ሽማግሌው ቸርኬውን ገልብጠው የብሎን ቀዳዳዎቹን አሳዩን። ብሎን በትክክል ከተቀመጠ አፉን ዙሪያውን ያሻሸዋል። እነዚህ ግን በአንድ ወገን ብቻ ተፍቀው ያብረቀርቃሉ፤ ግማሽ ጨረቃ ይመስላሉ። ሰውየው ከመሬት አንድ ቀጭን እንጨት አነሡ። በመኪናዋ ላይ ካለው ቀዳዳ እስከ ፊት ለፊቱ ቀዳዳ ለክተው በጥፍራቸው ምልክት አደረጉ። ከዚያ እንጨቱን ቸርኬው ላይ አስቀመጡት። ምልክቱ አልደረሰም። የጎደለው የጥፍር ስፋት ቢሆን ነው።

“ይህ የእሷ አይደለም” አሉ።

ኋላ ላይ እንዳጣራሁት፣ በፊያት 124 ላይ አራቱ ብሎኖች የሚሰለፉበት ክብ 98 ሚሊ ሜትር ነው። በብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ 100 ነው። ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ስለሆነ ብሎኑ ይገባል። ዘመም ብሎ ይገባል፣ ይጠብቃል፣ ያታልላል። መኪናዋ ስትሄድ ግን ቸርኬው በመሐሉ አይዞርም፤ ይወዛወዛል፤ እየተወዛወዘም ብሎኑን ይፈታዋል። የጎማው መተለቅ ደግሞ ውዝወዛውን አበረታው።

“ጋሼ፣ ታዲያ አሁን በምን እንመለስ?” አለ የአጎቴ ልጅ። ድምፁ ተለውጧል። የመጀመሪያዎቹን ቸርኬዎች ቤት ትቷቸዋል።

ሽማግሌው ወደ ጓሮ ገብተው አቧራ የጠጣ የብረት ቸርኬ ይዘው ወጡ። በእንጨቱ ለኩት፤ ገጠመ። ከዚያ ሦስት ጨመሩ። የማን ነው ብንላቸው “የላዳ” አሉ።

አንባቢ አዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባችውን ላዳ ታክሲ ያላወቀ አይኖርም። የላዳ እናት ፊያት 124 መሆኗን ግን ሁሉም አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1966 ፊያት ከሶቪየት መንግሥት ጋር ተዋውሎ በቮልጋ ዳር በምትገኝ ቶሊያቲ በምትባል ከተማ ፋብሪካ አቋቋመ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከጣሊያናዊው ኮሚኒስት ከፓልሚሮ ቶሊያቲ ነው። በ1970 መኪናዋ መውጣት ጀመረች። ሩስያውያን ለመንገዳቸው ብለው ብዙ ነገር ለወጡባት፤ ብረቷን አወፈሩ፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት። 98ቱን ግን አልነኩም። ስለዚህ የጣሊያኗ መኪና እግር ሲጎድላት የሩስያዋ እህቷ አበደረቻት። ሶቪየቶች ባሠሩት ትምህርት ቤት ተምሮ በኢጣሊያ ካሣ በተሠራ ፋብሪካ ያረጀው አጎቴ ይህን ቢሰማ ምን ያህል በሳቀ!

ጋፋትን በዚያ ቀን አላየንም። በላዳ ቸርኬ፣ በ13 ኢንች፣ ቀስ ብለን ወደ ባሕር ዳር ተመለስን። የአጎቴ ልጅ መንገዱን ሙሉ አልተናገረም። ከተማው መግቢያ ላይ ብቻ “አባባ ብሎን ባጠበቀ ቁጥር መልሶ ይለካ ነበር፤ እኔ የሽምግልና መስሎኝ” አለ።

ልጁ ትልቅ ቸርኬ መመኘቱን አልነቅፍም። ዕቃ የወረሰ ሰው የራሱን ነገር ሊጨምርበት ይሻል፤ ቴዎድሮስም ከዚህ የተለየ አልሠሩም። ልዩነቱ እሳቸው ሰባት ቶኑን በመንኮራኩር ላይ ከማስቀመጣቸው በፊት መንገዱን መጠየቃቸው ነው። እኛ ማንንም አልጠየቅንም። አንድ ቀጭን እንጨት ይበቃ ነበር።

የሚያብረቀርቁት ቸርኬዎች ጥቂት ቆይተው ለአንድ የኮሮላ ባለቤት ተሸጡ፤ ልካቸውን አገኙ። ፊያቷ ዛሬም በ13ቷ ላይ ናት። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ባሕር ዳር ላይ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲመረቅ፣ የአጎቴ ልጅ በስልክ ነገረኝ፤ አባቱን አስታውሶ መኪናዋን ይዞ ሊሻገር ነው።

“ከመነሣትህ በፊት ብሎኑን እይ” አልኩት።

“ሁለት ጊዜ አይቻለሁ” አለኝ።